ዘዬን ለታዳጊ ተዋንያን ማስተማር፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ክበብ?

በቲያትር ክበባችን አንድ የ13 ዓመት ልጅ አለ። ከደቡብ ጎንደር ደራ መጥቶ ባሕር ዳር አክስቱ ቤት ሆኖ ይማራል። መጀመሪያ የመጣ ቀን ራሱን እንዲያስተዋውቅ ጠየቅነው። «ተሐሙሲት ነው የመጣሁ» አለ። ልጆቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ግን ሳቁ። እኔም አልገሠጽኳቸውም። ልጁ ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል አፉን አልከፈተም። መናገር ሲጀምርም እያንዳንዷን «ከ» እየተጠነቀቀ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው ሆኖ ነበር።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ለአንድ አጭር ተውኔት የገበሬ ልጅ ሆኖ የሚጫወት ፈለግን። የመረጥኩት መሐል ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ መድረክ የማይፈራ ልጅ ነው። እሱም የገጠር ሰው ለመምሰል ባገኘው ቃል ሁሉ ላይ «ተ» መቀጠል ጀመረ። «ይችን ተእናቴ ልስጣት» አለ። የደራው ልጅ ጥግ ላይ ጽሑፉን ይዞ ተቀምጧል። ቀና እንኳ ሳይል፣ በቀስታ፣ «እሱስ ለእናቴ ነው የሚባል» አለ።

ልክ ነበር። «ተ» የምትገባው በ«ከ» ቦታ ነው። በ«ለ» ቦታ አትገባም። «ተገበያ መጣሁ» ይባላል፤ «ተእናቴ ልስጣት» አይባልም። ይህን ሕግ አዳራሹ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ እኛው ዝም አሰኝተነዋል።

ከዚያ ወዲህ ዘዬ የማስተምርበትን መንገድ ደጋግሜ ቀይሬያለሁ። እዚህ የሞከርኳቸውን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ለየትኛው ዕድሜና ለምን ያህል ጊዜ የትኛው እንደሚሻል እነግራችኋለሁ። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ለምትመሩ፣ የሰፈር ቲያትር ክበብ ላላችሁ፣ ልጆችን ለመድረክ ለምታዘጋጁ ነው የምጽፈው።

መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት

መጀመሪያ ምን እንደምታስተምሩ ለዩ። ዘዬ ስንል የአንድ አካባቢ ሰው የሚጠቀምባቸውን ቃላት፣ ቃላቱን የሚያያይዝበትን መንገድና ድምፆቹን በአንድ ላይ ነው። ቅላጼ ግን ዜማው ነው፤ ድምፁ የት ይነሳል፣ የት ይወድቃል፣ የት ይሳባል የሚለው። ልጆች ቅላጼን ቶሎ ይይዛሉ። ዘዬን ግን ሳይገባቸው ይይዙታል። የከተማው ልጅ ዜማውን ይዞ ሕጉን የሳተው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ መድረክ ላይ የለመድነው አማርኛ ከየት እንደመጣ አስታውሱ። ሀገር ፍቅር ቲያትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ከዚያው ነው የጀመረው። እናም የአዲስ አበባ አነጋገር «አነጋገር የሌለው አማርኛ» መስሎ ጆሯችን ውስጥ ተቀመጠ። የቀረው ሁሉ «ዘዬ» ሆነ፤ ከዚያም አልፎ ማሳቂያ ሆነ። ልጆቹ ክበብ ሲመጡ ይህን ይዘው ነው የሚመጡት። የአዲስ አበባም አንዱ ዘዬ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከሸዋ ዘዬዎች ጋር አብሮ የሚቆጠር ነው።

ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ይህን ማስተማር ትልቅ ዕድል ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚሁ ነው። ከጥንት ጀምሮ ወንዙ የጎጃምና የበጌምድር ወሰን ነበር። ከድልድዩ ማዶ ተነስታችሁ በሐሙሲት በወረታ ብትሄዱ አንድ ዓይነት አነጋገር፣ ወደ መርዓዊ ወደ ዳንግላ ብትወርዱ ሌላ ትሰማላችሁ። አዊ ዞን ስትደርሱ ደግሞ አማርኛውን ከአዊኛ ጋር የሚናገር ሰው ታገኛላችሁ። ከዘጌ፣ ከጢስ ዓባይ፣ ከጎርጎራ የመጣ ሰው ሁሉ መናኸሪያና ቅዳሜ ገበያ ላይ ይገናኛል። ጆሮ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ቀረጻ እየሰሙ መማር

ብዙ ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው። ስልክ ላይ የተቀረጸ ድምፅ ይከፈታል፣ ልጆቹ እየሰሙ ይደግማሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ወጪ የለውም። አንድ ዓረፍተ ነገር 30 ጊዜ ብትደግሙት ድምፁ አይሰለችም፣ አይለወጥም። ልጁ ቤቱ ይዞት ይሄዳል፤ ማታ ተኝቶ ይሰማዋል።

በእንግሊዝኛ ለሚሠራ ተውኔት ከሆነ ሥራው ቀሏል። ፖል ሜየር የተባለ የአነጋገር መምህር አሜሪካ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 የመሠረተው የእንግሊዝኛ ዘዬዎች የድምፅ መዝገብ አለ። ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ሰዎች መጀመሪያ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያነባሉ። ከዚያ ስለ ራሳቸው በነጻነት ያወራሉ። ሁሉም ያንኑ ጽሑፍ ስላነበቡ ልዩነቱን ቃል በቃል ማነጻጸር ይቻላል። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይሰማል።

እኔም ይህን አይቼ ለአማርኛ ሞከርኩት። አጭር ጽሑፍ አዘጋጀሁ። «ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ከቤት ወጣሁ። ከገበያ ጨውና በርበሬ ገዛሁ። አንድ ሽማግሌ አገኘሁና 'እርስዎ ከየት መጡ?' አልኳቸው። 'ከልጄ ጋ ነው' አሉኝ። ጾም ስለነበር ወተት አልገዛሁም። ገና ሳይመሽ ወደ ቤቴ ሄድኩ።» ቃላቱን አውቄ ነው የመረጥኳቸው። «ከ»ን በ«ተ» ወይም በ«ኸ» የሚል ሰው አለ። ለ«ፀሐይ» «ጠሐይ»፣ ለ«ጾም» «ጦም» የሚል አለ። ለ«ሄድኩ» «ኼድኩ»፣ ለ«እርስዎ» «አንቱ»፣ ለ«ከልጄ ጋ» «ተልጄ ዘንድ» የሚል አለ።

ግን አልሠራም። ማንበብ የሚችለው ሰው ሁሉ ልክ እንደ ተጻፈው አነበበው። ፊደል ፊት ሲቀመጥ ሰው ትምህርት ቤት የተማረውን አማርኛ ነው የሚያወጣው። በቤቱ «ጦም» የሚለው ሰውዬ «ጾም» ብሎ ጥርት አድርጎ አነበበልኝ። ስለዚህ አሁን አላስነብብም። ታሪኩን በቃሌ እነግራቸዋለሁ፤ «እስኪ እርስዎ ደግሞ ለልጅ ልጅዎ እንደሚነግሩ ሆነው ይንገሩኝ» እላለሁ። ያኔ ነው ዘዬው የሚመጣው። ማንበብ የማይችሉ እናቶችም እኩል ይሳተፋሉ።

ስለ ቀረጻው ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሐይቁ ዳር የምትቀርጹ ከሆነ በጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ማይክሮፎኑን ይመታዋል፤ ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት ፉፉ ከሚል ድምፅ በቀር ምንም የለም። የነጠላ ጫፍ አጥፋችሁ ስልኩ አፍ ላይ ብታደርጉ ይረዳል። በቴሌግራም ስትላላኩ ደግሞ እንደ ድምፅ መልእክት አድርጋችሁ ከመቅዳት የተቀረጸውን በፋይል ላኩት። ጥራቱ ይለያያል። ለ«ጠ» እና ለ«ተ» ልዩነት ጥራት ያስፈልጋል።

የዚህ መንገድ ድካሙ የት ላይ ነው? ቀረጻ አይመልስም። ልጁ ሲሳሳት ቀረጻው ዝም ይላል። ደግሞ ልጆች በራሳቸው ፍለጋ የሚያገኙት ቀረጻ አብዛኛውን ጊዜ የኮሜዲ ነው። የገጠር ሰው የሚጫወት ተዋናይን ሰምቶ መማር የቅጂ ቅጂ ነው። ያ ተዋናይ የሳተውን ሁሉ ልጁ ደርቦ ይስታል። ክበባችን ውስጥ አንድ ጥብቅ ሕግ አለን፦ ከተዋናይ ዘዬ አንማርም፣ ከባለቤቱ እንማራለን።

ባለ ዘዬውን ሰው ፊት ለፊት ማግኘት

ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከአዳራሻችን በር አጠገብ ቡና የምትሸጥ የሜጫ ሴት አለች። አንድ እሁድ ገብታ ልጆቹን እንድታነጋግር ለመንናት። የመጀመሪያውን ቀን አበላሸሁት። ልጆቹ ወረቀት ይዘው ከበቧትና «'ከቤት' በይ እስኪ፣ 'ጸሎት' በይ እስኪ» ማለት ጀመሩ። ሴትየዋ ደረቀች። ቢሮ የገባች ያህል ልብሷን ሰብስባ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሳች መለሰች። የወጣው አማርኛ የእሷ አልነበረም።

በሚቀጥለው እሁድ ወረቀቱን አስቀመጥን። ጀበናዋንና ማንከሽከሻዋን ይዛ እንድትመጣ ጠየቅናት። ልጆቹን «ቡና አቆላል አስተምሪን በሏት» አልኳቸው። አንዷ ልጅ ቡናውን አሳረረችው። ሴትየዋ ቀልጠፍ ብላ ማንከሽከሻውን ቀማቻትና ሳቀች። ከዚያ ወሬው መጣ። ሙሽራ ሳለች አማቷ ፊት ቡና ስታፈላ እጇ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር አወራች። አማቷን ስትጠራ ድምፅዋ ዝቅ አለ፦ «አንቱ፣ ቡናው ደርሷል፣ ይግቡ እንጂ።» አዳራሹ ጸጥ አለ። ልጆቹ «አንቱ»ን የሚያውቁት እንደ መጽሐፍ ቃል ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ቃሏ ከአንገት መጎንበስ ጋር፣ ከዓይን መስበር ጋር እንደምትመጣ አዩ። ይህን የትኛውም ቀረጻ አይሰጣችሁም።

ስለዚህ ሰው ስትጋብዙ ቃል አትጠይቁ። ሥራ ጠይቁ። ታንኳ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር ይንገራችሁ። የፎገራ ገበሬ ካገኛችሁ ስለ ሩዙ ይንገራችሁ። የዘጌ ሰው ከሆነ ስለ ቡናው። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ የተከለከለባት፣ ሰው በቡናና በፍራፍሬ የሚኖርባት ናት። የዘጌን ሰው እርፍ አስይዛችሁ «የገበሬ ዘዬ» ብታስወሩት ውሸት ነው። ዘዬ ከሥራ ጋር ነው የሚኖረው።

ገንዘቡንም አትርሱ። ቡና ሻጯ እኛ ጋ ስትቀመጥ ገበያዋ ይቀራል። ያን ቀን ልታገኝ ትችል የነበረውን ያህል እንከፍላታለን። ከመቅረጻችን በፊት እንጠይቃታለን። ድምፅዋ የት እንደሚደርስ እንነግራታለን። «እምቢ» ካለች አንቀርጽም።

ድክመትም አለው። ፈቃደኛ ሰው ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ሰውየው ቀጠሮ ሊቀር ይችላል። ልጆቹ ብዙ ከሆኑ እንግዳው ይጨናነቃል፤ ከ8 በላይ ልጅ ይዛችሁ አትቀመጡ። ደግሞ ባለ ዘዬው ሰው አፉን እንዴት እንደሚያደርግ ማስረዳት አይችልም። እናንተም እኔም የራሳችንን አማርኛ እንዴት እንደምንናገር ብንጠየቅ አናውቀውም። ለዚያ ሦስተኛው መንገድ አለ።

ድምፅ በድምፅ፣ ከአፍ ጀምሮ

ይህ መንገድ ጥያቄውን ወደ ምላስና ወደ ጉሮሮ ያወርደዋል። በተለይ የሚጠቅመው ገጸ ባህሪው አማርኛ የአፍ መፍቻው ካልሆነ ነው።

ለምሳሌ ፈረንጅ የሚጫወት ልጅ አለ እንበል። ልጆች ፈረንጅ ተጫወት ሲባሉ አፍንጫቸውን ይዘው ይንጫጫሉ። እውነተኛው ነገር ግን ቀላል ነው። አማርኛ ውስጥ በጉሮሮ ተዘግተው ፈንድተው የሚወጡ አምስት ድምፆች አሉ፦ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ። እነዚህ በእንግሊዝኛ ውስጥ ራሳቸውን ችለው ቃል የሚለዩ ድምፆች አይደሉም። ስለዚህ ፈረንጁ «ጠላ»ን «ተላ»፣ «ቆንጆ»ን «ኮንጆ» ይላል። ይህን ብቻ ብታስተካክሉ ልጁ አፍንጫውን መያዝ አያስፈልገውም።

ልጆቹ እንዲገባቸው ሁለት ነገር አሠራቸዋለሁ። ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ትንፋሽ እንደያዙ «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» ለማለት ይሞክራሉ። ጠቅ፣ ቀቅ እያለ ይወጣል። «ሰ» ወይም «ፈ» ለማለት ሲሞክሩ ግን ምንም አይወጣም፤ እነዚህ ከሳንባ የሚመጣ አየር ይፈልጋሉ። ቀጥሎ ቀጭን ወረቀት ከንፈራቸው ፊት ይይዛሉ። በ«ተ» እና በ«ከ» ወረቀቱ ይንቀሳቀሳል። በ«ጠ» እና በ«ቀ» ከሞላ ጎደል ዝም ይላል። የ10 ዓመት ልጅ እንኳ ይህን አንዴ ካየ አይረሳውም።

ሌላው ትልቅ ነገር ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «ገና ነው» የሚለው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፤ ጠብቆ ዋነኛው ማለት ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ይገኛል ነው። አማርኛን በኋላ የተማረ ገጸ ባህሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ጽሑፋቸው ላይ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉ።

ገጸ ባህሪው የሌላ ኢትዮጵያዊ ቋንቋ ተናጋሪ ከሆነ ግን «ተሳሳተ» ብላችሁ አትነሱ። የራሱን ቋንቋ ድምፅ ይዞ ነው የሚመጣው። ትግርኛ ተናጋሪ «ሐ» እና «ዐ»ን ከጉሮሮ ለይቶ ያወጣል። እኛ በጽሑፍ ብቻ ያስቀረነውን እሱ ዛሬም ይናገረዋል። አዊኛ ደግሞ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ከመሳቁ በፊት ይደነቃል።

እያንዳንዱን ድምፅ በአንድ ምልክት የሚጽፈውን ዓለም አቀፉን የድምፅ ፊደል ይማሩ ወይ? እ.ኤ.አ. በ1886 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው የድምፅ መምህራን ማኅበር ያዘጋጀው ነው፤ የውጭ ቲያትር ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ይጠቀሙበታል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቲያትር ወይም ቋንቋ ማጥናት ለሚፈልግ የ17 እና የ18 ዓመት ልጅ አስተምሩት፣ ይጠቅመዋል። ከዚያ በታች ላለ ልጅ አልመክርም። የእኛ ፊደል ራሱ ለእያንዳንዱ ተነባቢና አናባቢ ጥምረት መልክ ስላለው ልጁ የሰማውን በቀላሉ ይጽፋል። «ተሐሙሲት»፣ «ኼድኩ»፣ «ጠሎት» ብሎ እንደሰማው ይጻፍ። የሚጎድለውን የማጥበቅ ነጥብና የዜማ ምልክት ይጨምርበት።

የዜማ ምልክት ስል ያለ ምክንያት አይደለም። ክበባችን ውስጥ የቄስ ትምህርት ያለፉ ሁለት ልጆች አሉ። ስለ ቅላጼ ሳወራ አንዱ «ይኼማ ተነሽና ወዳቂ ነው» አለኝ። ልክ ነው። የግዕዝ ንባብ ሲማሩ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ እየተባለ ቃሉ የት እንደሚነሳና የት እንደሚወድቅ ይለያል። የያሬድ ዜማም ድፋት፣ ጭረት፣ ደረት፣ ይዘት፣ ቁርጥ እያለ በምልክት የተጻፈ ነው። እኔ ለቅላጼ ምልክት ከውጭ ስፈልግ ነበር፤ ልጁ ከደጃችን አመጣልኝ። ምልክቶቹን እንዳሉ ግን ወደ ተውኔት አላስገባንም። የቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ክበባችን ውስጥ ደግሞ ሙስሊም ልጆችም አሉ። የወሰድነው ሐሳቡን ነው። የራሳችንን ሦስት ምልክት ፈጠርን፦ ለሚነሳ፣ ለሚወድቅ፣ ለሚሳብ። ልጆቹ የቡና ሻጯን ቀረጻ እየሰሙ ጽሑፋቸው ላይ ያሰፍሩታል።

የዚህ መንገድ አደጋ ትወናውን ማድረቁ ነው። ልጁ ስለ ምላሱ እያሰበ አጠገቡ የቆመውን ተዋናይ ይረሳል። ከ20 ደቂቃ በላይ በአንድ ጊዜ አታሠሩ። ጉሮሮም ጠብቁ። ልጆች ሽማግሌ ሲጫወቱ ጉሮሯቸውን አንቀው ነው። ካመማቸው ወይም ድምፃቸው ከሻከረ ያቁሙ፣ ውኃ ይጠጡ፣ በማግስቱም ያሳርፉት። ድምፃቸው እየጎረነነ ያሉ ወንዶች ልጆች ላይ በተለይ ጥንቃቄ አድርጉ።

ሦስት ምልክት ብቻ መምረጥ

ጊዜ የሌለው ሰው መንገድ ነው። ሙሉ ዘዬ አይማሩም። ከገጸ ባህሪው አነጋገር ሦስት ነገር ብቻ ይመረጣል፤ ቃል፣ ድምፅ ወይም ዜማ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ «ተ» በ«ከ» ቦታ፣ «ጦም» እና «ጠሎት» በ«ጾም» እና በ«ጸሎት» ቦታ፣ ከዚያ ለታላቅ ሰው «አንቱ»። እነዚህን ከመጀመሪያው ትዕይንት እስከ መጨረሻው ሳያዛንፉ መያዝ ነው። ተመልካች ሦስቱን ከሰማ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። አምስት ነገር ጀምሮ በመሐል የሚጥል ልጅ ግን ወዲያው ያስታውቃል።

ይህ መንገድ ጥሩ የሚሆነው ሦስቱ ምልክቶች ከእውነተኛ ሰው ከተወሰዱ ነው። ከራሳችሁ ግምት ከመረጣችሁ የእኔ የ«ተእናቴ» ታሪክ ይደገማል።

ዘዬውን መተው የሚሻልበት ጊዜ

አንዳንዴ አለማስተማርም ምርጫ ነው። ጽሑፉን ይዛችሁ ጠይቁ፦ ዘዬው ከዚህ ገጸ ባህሪ ላይ ቢነሳ ታሪኩ ምን ይጎድለዋል? የሚጎድለው ሳቅ ብቻ ከሆነ አንሱት። ተውኔቱ ውስጥ ዘበኛው፣ ሠራተኛዋና ሞኙ ብቻ በዘዬ የሚናገሩ ከሆነ፣ ሐኪሙና ዳኛው በአዲስ አበባ አማርኛ የሚናገሩ ከሆነ፣ ችግሩ ከልጆቹ ሳይሆን ከጽሑፉ ነው። እኛ አንዴ ገለበጥነው። ሐኪሟ የጎጃም ዘዬ ያዘች። የባሕር ዳር ተመልካች መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ከዚያ ለመዳት። ደግሞስ ከደጋ ዳሞት ሄዶ ሐኪም የሆነ ሰው የለም እንዴ?

በጣና ዳር ስላሉት ነገደ ወይጦዎች ለብቻው ልናገር። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቷል። ዛሬ አማርኛ ነው የሚናገሩት፣ ግን የራሱ ቃላት ያሉት አማርኛ። ብዙ ዘመን ተገልለው የኖሩ ሰዎች ናቸው። የእነሱን አነጋገር ያለ እነሱ መድረክ ላይ አታውጡ። ፈቃደኛ ሰው ከመካከላቸው አብሯችሁ ካልሠራ ይቅር። ይህ ላይ ድርድር የለኝም።

እንግዲህ የትኛውን?

ልጆቹ ከ10 እስከ 13 ከሆኑና ሁለት ሳምንት ብቻ ካላችሁ፣ አንድ ቀን ባለ ዘዬ ሰው ጋብዙና ከእሱ ሦስት ምልክት ምረጡ። የድምፅ ትምህርቱን በጨዋታ መልክ ብቻ፣ በወረቀቱና በትንፋሹ አሳዩአቸው።

ከ14 እስከ 16 ከሆኑና አንድ ወር ተኩል ካለ፣ ልጆቹ ራሳቸው ይቅረጹ። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት አያጡም። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሰው ይዞ ይምጣ። አንድ ሳምንት ዝም ብለው ይስሙ። መድገም የሚጀምሩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ይህን ቅደም ተከተል አትቀይሩት። ቶሎ መድገም የጀመረ ልጅ የሚደግመው ቀድሞ ጆሮው ውስጥ ያለውን ኮሜዲ ነው።

ከ17 በላይ ከሆኑ፣ ሦስት ወር ካላችሁ ሁሉንም ቀላቅሉ። ገጠር ወርደው ይዋሉ፣ ይቅረጹ፣ ምልክት ያድርጉ፣ የድምፅ ፊደሉንም ይማሩ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ቁጭ ብሎ ለአንድ ሰዓት ማዳመጥ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው። ስልክ ሳያወጡ።

በአካባቢያችሁ ባለ ዘዬ ከሌለ፣ ለምሳሌ የወሎ ሰው ፈልጋችሁ ካጣችሁ፣ ቀረጻ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ግን የለም ከማለታችሁ በፊት በደንብ ፈልጉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳና ፖሊ ግቢ ከየአካባቢው የመጡ ተማሪዎች ሞልተዋል። አንድ የደሴ ልጅ ለአንድ ከሰዓት መለመን ሰዓታት ኢንተርኔት ላይ ከመፈለግ ይቀላል።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ግን የመጨረሻው ልምምድ ላይ ባለ ዘዬውን ሰው አስቀምጡ። ፊት ወንበር ላይ አይሁን፣ ልጆቹ ይደናገጣሉ። መሐል ላይ ይቀመጥ። ሲያልቅ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የትኛው ቃል ጆሮህን ቆረቆረህ? ይህን ሰው ታውቀዋለህ? ያሳፈረህ ነገር አለ? ሦስተኛው ላይ «አዎ» ካለ ያን ቦታ ቀይሩ፣ ትዕይንቱ ሳምንት ቢቀረውም።

በእኛ ክበብ አሁን ይህን የሚሠራው የደራው ልጅ ነው። ጽሑፉን ይዞ መሐል ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እርሳስ ይዞ። ባለፈው ልምምድ የሽማግሌው ንግግር ውስጥ ካለች አንዲት «ከ» ላይ ክብ አደረገ። ጎኑ ላይ «አያቴ ቢሆኑ ተ ነው የሚሉ» ብሎ ጻፈ። ቀየርናት።